እጇ ያልገባ ደመወዝ

(በሚዛን ተፈሪ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ንግግር)





በሚዛንም ሆነ በቴፒ ቡና የሚለቅም ሰው የኪሎውን ዋጋ ያውቃል። ቀይ ቡናው በፊቱ ይመዘናል፤ ቢጎድልበት እዚያው ይከራከራል። ይኸው ሰው ልጁ ለሞግዚትነት ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ግን ደመወዟ ስንት እንደሆነና በማን እጅ እንደሚገባ ሳይጠይቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸኛታል። የሚያምነው ደላላውን ነው።

ደላላው ኮሚሽኑን የሚቀበለው ልጅቱ ቤት በገባች ጊዜ ነው፤ በቆየች ጊዜ አይደለም። ስለዚህ በአንድ ቤት ብትረጋ አይጠቀምም፤ «የተሻለ ቤት አግኝቼልሻለሁ» እያለ ሲያዛውራት ግን ይጠቀማል። በከተማው ደመወዝ እንደ ልምዷ፣ እንደ ሕፃናቱ ቁጥር፣ አዳሪ ወይም ተመላላሽ እንደመሆኗ ይለያያል። ከገጠር የሄደች አዳሪ ልጅ ይህን አታውቅምና የተነገራትን ትቀበላለች። ለሞግዚትነት ገብታም ምግብ አብሳይና ልብስ አጣቢ ትሆናለች፤ ክፍያው ግን የአንዱ ሥራ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «ገንዘብሽን እኔ አስቀምጥልሻለሁ» የሚለው ልማድ ነው። አንዳንድ አሠሪ ይህን በቅንነት ያደርገዋል፤ አልክድም። ነገር ግን ልጅቱ ታማ ወይም ተጣልታ በምትወጣበት ቀን የተሰበረው ብርጭቆ፣ የተገዛላት ልብስ ሁሉ ይታሰብባትና የሁለት ዓመት ድካም የመሳፈሪያ ገንዘብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የድኻ ሠራተኛ ምንዳ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 መታዘዙን ለእናንተ ማስታወስ አያሻኝም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ቤት የሚሰጥን አገልግሎት ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ ጉዳዩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ይሁን እንጂ ልጅቱ ፈጽሞ ያለ ሕግ አይደለችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው አብራው የምትኖር ሠራተኛ ማደሪያዋ፣ ምግቧ፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜዋ ለጤናዋና ለግብረ ገቧ የሚስማማ እንዲሆን ያስገድደዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ሕፃን ትጠብቅ» ብሎ መላክ ከዚህ ጋር እንዴት ይስማማል? እርሷ ራሷ ጠባቂ የምትሻ ናት።

አሠሪዎች ለልጅቱ ዋስ ይጠይቃሉ። ለአሠሪው ግን ዋስ የሚጠይቅ የለም። የሰበካ ጉባኤ ሊገባ የሚገባው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የአሠሪው ስም፣ ስልክና ሰፈር፣ የደመወዙ ልክና የዕረፍት ቀኗ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ አንዱ ቅጂ በአጥቢያው መዝገብ ይቀመጥ። ልጅቱ ሳትሳፈር በፊት በራሷ ስም የባንክ ሂሳብ ወይም ቴሌብር ይከፈትላት፤ መታወቂያ ከሌላት ጉዞው ይቆይ። አሠሪው ክርስቲያን ከሆነም ደብሩን እንጠይቅ። እሑድ ቅዳሴ የምታስቀድስ ልጅ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሚያያት ሰው ታገኛለች፤ ያልተከፈላት እንደሆነም የምትነግረው ካህን አላት።

ደግሞ አዲስ አበባን ብቻ አንውቀስ። በሚዛንና በቴፒ ከተሞች በነጋዴው፣ በመንግሥት ሠራተኛው፣ በእኛም በቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ቤት ሞግዚቶች አሉ። ይህን ወረቀት ለአባት ከማስፈረማችን በፊት በየቤታችን ላለችው ልጅ እንሙላው። የስምምነቱን ናሙና አዘጋጅተን ይዘናል፤ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከመሄዱ በፊት ቅጂ ይውሰድ፤ መዝገቡን የሚይዝ አንድ ሰውም ስሙን ለጽሕፈት ቤታችን ያስመዝግብ።