ቁልፉን ከማስረከባችን በፊት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የለንደን ነዋሪዎች ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምንጠያየቀው ስለ ቤት ነው። «ካውንስል ሰጠሽ?» እንባባላለን። ዛሬ የምንነጋገረው ካውንስል ምን ግዴታ እንዳለበትና እኛስ መቼ መሄድ እንዳለብን ነው።

ካውንስል የራሱን ቤቶች ያከራያል። ለሀውሲንግ አሶሲዬሽኖችም ተከራይ ይልካል። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥም ከሚሠሩት ቤቶች የተወሰኑት በዝቅተኛ ዋጋ እንዲቀርቡ ከአልሚው ጋር ይዋዋላል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ ተከራዮች የካውንስል ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ ስለፈቀደ ብዙ ቤቶች ተሸጠዋል፤ ወረፋውም ረዝሟል። በብዙ ቦታ መመዝገብ ብቻ አይበቃም፤ ቤቶች ሲወጡ እየተከታተሉ «ቢድ» ማድረግ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የኪራዩን ዓይነት ተመልከቱ። «ሶሻል ሬንት» የሚባለው ለንደን ውስጥ ከገበያው ዋጋ በጣም ያነሰ ነው፤ «አፎርደብል ሬንት» የሚባለው ግን እስከ ገበያው 80 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን አከራይዋ ልቀቂ አላት። ለማንም ሳትነግር ቁልፉን አስረክባ ሁለት ልጆቿን ይዛ ዘመድ ቤት መሬት ላይ ተኛች። ካውንስል ስትሄድ የተሰጣት ደብዳቤ «መቆየት ስትችይ በገዛ ፈቃድሽ ለቀሻል» የሚል ነበር። ደብዳቤውን ይዛ ወደ እኛ የመጣችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጊዜው ሳያልፍ አቤቱታ ጻፍንላት፤ ውሳኔውም ተሻረ። ዛሬም ያለችው በጊዜያዊ መጠለያ ነው፤ ልጆቿ ግን የራሳቸው አልጋ አላቸው።

እህታችን ያጠፋችው ጥፋት የለም። አፍራ ነው ዝም ያለችው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በ56 ቀናት ውስጥ ቤት ልታጣ የምትችልን ሰው ካውንስል ገና ከቤቷ ሳትወጣ መርዳት አለበት። በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት ቤት አልባ የሆነች ሴት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ወገኖች ናት። የመኖሪያ ፈቃዳችን ዓይነት ግን መብታችንን ስለሚወስን አስቀድመን እንጠይቅ።

ስለዚህ አደራ፦ የመልቀቂያ ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ ሳትማከሩ ቁልፍ አታስረክቡ። ካውንስል ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ። ውሳኔውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ካልተስማማችሁበት እንዲታይላችሁ የመጠየቂያው ጊዜ 21 ቀን ብቻ ነው።

እንግሊዝኛ የምትችሉ እህቶች በወር ግማሽ ቀን ስጡን፤ ከአንዲት እህት ጋር አብራችሁ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። ደጋፊዎቻችንም፣ የምትሰጡን ገንዘብ የሚውለው ለዚሁ መጓጓዣና ለልጆች ጥበቃ ነው። ያቺ እናት ደብዳቤዋን ይዛ ስትመጣ በራችን ክፍት የነበረው በእናንተ ነው።