ኮሚሽኑ ወዴት ዞረ?

እሷ፦ እንግሊዝ አገር ኢቤይ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡ ግለሰቦች ይወስድ የነበረውን ኮሚሽን በኦክቶበር 2024 አነሳ፤ መኪና ሲቀር።

እሱ፦ ስንት ነበር?

እሷ፦ 12.8 በመቶ፣ ላዩ ላይ 30 ፔንስ። ለዚያውም የፖስታው ተደምሮ! ካፖርት በ45 ፓውንድ ሸጥክ፣ ፖስታው 5 ነው እንበል። ከ50ው ላይ ተሰልቶ 6 ፓውንድ ከ70 ይሄድብህ ነበር።

እሱ፦ የፖስታው እኮ ሻጩ ኪስ አይገባም!

እሷ፦ እኔንም የሚያናድደኝ እሱ ነው።

እሱ፦ እሰይ፣ እንኳን ቀረ።

እሷ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። በፌብሩዋሪ 2025 "የገዢ ጥበቃ" የሚሉት ክፍያ መጣ።

እሱ፦ ገዢው ላይ ዞረ በይኛ። ያገለገለ ልብስ እንደሚሸጥበት እንደ ቪንትድ።

እሷ፦ አዎ፣ እንደዚያው።

እሱ፦ ግን ዕቃው ሳይደርስ ቢቀር ገንዘቡ ይመለስለታል። ቀላል ነገር አይደለም።

እሷ፦ አልክድም። ግን 45 ያልከው ካፖርት ለገዢው ወደ 48 ገደማ ሆኖ ነው የሚታየው። እሱም ቀንስልኝ ይልሃል፤ መጨረሻ ላይ የሚጎድለው ካንተው ነው።

እሱ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ሁሉም ሻጭ ላይ ያው ክፍያ ካለ ገዢው የት ይሄዳል?

እሷ፦ ፌስቡክ ላይ ነዋ! እዚያው ሰፈሩ፣ እጅ በእጅ።

እሱ፦ እዚያ ቢታለልስ ማን ይደርስለታል?

እሷ፦ ማንም። ለዚህ ነው ጥበቃው ይኑር፣ ክፍያው ግን ለብቻው ተጽፎ ይታይ የምለው።