የዝናብ ጎርፍና የግንባታ ፈቃድ በዲላ
አቅራቢ፦ የዝናብ ጎርፍ አፈር ሳይመጠው በመሬት ገጽ ላይ የሚወርድ ውኃ ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ግን በረጃጅም ዛፎች፣ በእንሰትና በቡና የተሸፈነው ተዳፋት የዝናቡን ኃይል አብርዶ ውኃውን ወደ አፈር ያሰርገዋል። በዚሁ በጌዴኦ በምትገኘው በዲላ ከተማ ይህ ሽፋን በቆርቆሮ ጣሪያና በሲሚንቶ ግቢ ሲተካ፣ ቀስ ብሎ ይሰርግ የነበረው ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል።

በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ፕላን መርምሮ የግንባታ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ለከተማው የሕንፃ ሹም ስለተሰጠ፣ የጣሪያ አሸንዳ፣ የግቢ ማስረጊያ ጉድጓድና የመንገድ ዳር ቦይ መታየት የሚገባቸው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ነው። ይሁንና በደለልና በቆሻሻ የተደፈነ ቦይ የተጻፈውን ደንብ ከንቱ ስለሚያደርገው፣ ከዝናቡ ወራት አስቀድሞ ቦይ መጥረግ የአስተዳደሩም የነዋሪውም ግዴታ ሊሆን ይገባል።