ግያዝ የጠየቀው ጥቂት ነበር

የዛሬ የግቢ ጉባኤ ተመራቂዎች፣ እዚህ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጎህ ሳይቀድ ለጥምቀት የሚሰለፈውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ። ዘመድ ደግፎ ያመጣው በሽተኛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተራ የምትጠብቅ እናት፣ ባዶ ጀሪካን ያንጠለጠለ ልጅ፣ መኪናውን ከበር አቁሞ የገባ ባለሀብት፣ ሁሉም ጫማውን አውልቆ ይቆማል። ውኃው ለሁሉም አንድ ነው፤ ለጸበል ዋጋ አይተመንም። ስለ ስስትና ስለ «ይበቃኛል» እንድናገር ስጋበዝ ሌላ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ስስት ከሚተርካቸው ታሪኮች እጅግ የሚያስፈራኝም በውኃ ከተገኘ ፈውስ የተነሣ ነው።

ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ ነበር፤ ለምጽ ያዘው። በነቢዩ ኤልሳዕ ቃል ሰባት ጊዜ ዮርዳኖስ ውስጥ ተጠምቆ ሲነጻ እጅ መንሻውን ይዞ ተመለሰ። ከአገሩ ሲነሣ የያዘው አሥር መክሊት ብር፣ ስድስት ሺህ ወርቅና አሥር መለወጫ ልብስ ነበር። ኤልሳዕ ምንም አልቀበል አለ። አገልጋዩ ግያዝን ግን ያ ሁሉ ሀብት መመለሱ አንገበገበው። ሮጦ ደረሰበትና እንግዶች መጥተውብናል ብሎ አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ለመነ። ልብ በሉ፤ የጠየቀው ከብሩ አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው፤ ወርቁን አላነሣም። ንዕማንም አልከፋውም፤ እንዲያውም ብሩን እጥፍ አድርጎ ሰጠው። የተጎዳ ሰው ያለ አይመስልም። ታዲያ የንዕማን ለምጽ በግያዝ ላይ የተጣበቀው ለምንድን ነው? ውሸቱ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ከውሸቱ በስተጀርባ የከፋ ነገር ይታየኛል፦ እግዚአብሔር በነጻ ለሰጠው ነገር ግያዝ ዋጋ አወጣለት። ንዕማን ወደ አገሩ የሚገባው የእስራኤል አምላክ ምሕረት ያስከፍላል ብሎ እያሰበ ነው። ስለዚህ ስስትን በገንዘቡ ብዛት የምንለካ ከሆነ ተሳስተናል። ባለጉዳይ በመብቱ የሚያገኘውን ማኅተም ለመምታት «ለሻይ» ብሎ መቶ ብር የሚቀበል ሠራተኛ፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና አይችልም።

ይህ ለእናንተ የቅርብ ጉዳይ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ የወጪ መጋራት ውል ፈርማችኋል፤ የሚጠየቃችሁ ግን ከትምህርቱ ወጪ ጥቂቱን ነው። የቀረውን የከፈለው ሕዝቡ ነው። ከዚህ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ወገቧ ጎብጦ ወደ ከተማ የምትወርደው እናት ከፍላለች፤ በምትገዛው ሳሙና ዋጋ ውስጥ ግብር አለ። ምናልባት የራሷ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አልገባም ይሆናል። ነገ መሬት አስተዳደር ወይም ክሊኒክ ስትመጣ፣ አስቀድማ የከፈለችበትን እውቀት ደግማ እንድትገዛ ማድረግ የግያዝን ሥራ መሥራት ነው። አገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለች ልጆቿን አሳድጋለች፤ ይህን ተረት ከዚህ በኋላ ለልጆቻችን ባናወርሰው እወዳለሁ።

«ደመወዙ ለቤት ኪራይ እንኳ በማይበቃበት ዘመን ይበቃኛል ማለት ቀልድ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ የሚናገረውም የተቸገረ ሰው ነው። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎቻችን የደመወዝ ጥያቄ ይዘው በይፋ ሲነሡ የተሰማው ይኸው ችግር ነበር። ዮሐንስ መጥምቅ በዚያው በዮርዳኖስ ዳር ቀራጮችንና ወታደሮችን ሲመክር ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ቀራጩ ከታዘዘው አብልጦ እንዳይወስድ፣ ወታደሩም በማንም ላይ ግፍ ሳይሠራ በደመወዙ እንዲኖር ነገራቸው። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ የሠራተኛውን ደመወዝ ያስቀሩ ባለጠጎችን፣ ጩኸቱ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ ገብቷል ብሎ ያስፈራራቸዋል። ሁለቱን አብረን ማንበብ አለብን። ተገቢውን ደመወዝ ከአሠሪ በግልጽ መጠየቅ ስስት አይደለም። ስስት የሚሆነው የጎደለውን ከእኛ ያነሰ አቅም ካለው ባለጉዳይ ኪስ ለመሙላት ስንነሣ ነው። የደመወዝ ማነስ እውነተኛ በደል ነው፤ በዳዩ ግን ወረፋ ይዛ የምትጠብቀው እናት አይደለችም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይጠልቃል፤ «ይበቃኛል የሚለው ትምህርት ድሃው ዝም ብሎ እንዲገዛ የተፈጠረ ነው» ይላል። እንዲህ አድርገው የሰበኩ አልጠፉም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ግን ናቡቴን አስቡት። ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን ፈልጎ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን ብር እሰጥሃለሁ አለው። በዛሬ ቋንቋ ጥሩ ካሣ ቀርቦለታል። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ቤተ መንግሥት ያለው ንጉሥ የአትክልት ቦታ ጎደለኝ ብሎ እህል አልቀምስም ሲል፣ ባለ ወይን ቦታው ሰው ግን ያለው በቅቶት ንጉሡን እምቢ አለ። «ይበቃኛል» እዚህ ላይ ሰውን ዝም አላሰኘውም። በገንዘብ የማይደለል፣ ስለዚህም የንጉሡ ሚስት ኤልዛቤል በሐሰት ምስክር ካላስገደለችው በቀር መንገድ የማታገኝለት ሰው አደረገው። ጉቦ የማያስጎመጀው መሐንዲስ ብቻ ነው ሲሚንቶው የጎደለውን ሕንፃ አልፈርምበትም የሚለው።

ቤተ ክርስቲያናችንስ ከስስት ነጻ ናት ወይ ትሉኛላችሁ። አይደለችም። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ራሳቸው በቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር ውስጥ ስላለው ሙስና በአደባባይ ተናግረዋል። ግያዝም የኖረው በነቢዩ ቤት ነበር። ስለዚህ ከመካከላችሁ በሰበካ ጉባኤ ሒሳብ የሚይዝ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል ሰው ደረሰኙን ከመሥሪያ ቤቱ ይበልጥ በጥንቃቄ ይያዝ።

በመንገድ ላይ የሚወድቅም ይኖራል። የኪዳነ ምሕረት በዓል በሚከበርበት በየካቲት 16 የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይነገራል፤ ሰባ ስምንት ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ተማረ። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ልብላና በኋላ ጥርኝ ውኃ እሰጣለሁ» የሚል ሰው ታሪኩን አልሰማውም። በላዔ ሰብእ ውኃውን የሰጠው ሒሳብ አስልቶ አልነበረም፤ ያ ስም ልቡን ስለነካው ነው። ቀራጩ ዘኬዎስም ጌታ ወደ ቤቱ ሲገባ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳያስገድደው ነው። እንግዲህ ከመካከላችሁ ወድቆ የሚነሣ ቢኖር፣ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሲሄድ የወሰደውን የሚመልስለትን ሰው ስምም ይዞ ይሂድ።