«ሁሉንም ተካ» ከማለታችን በፊት

የአባላትን መዝገብ ስናስተካክል ከሠራነው ስህተት የተማርነውን እናካፍላችሁ።

አጭር መልእክት ለመላክ የስልክ ቁጥሮቻችን በ+2519 መጀመር ነበረባቸው። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ «09»ን ሁሉ በ«+2519» እንዲተካ አዘዝነው። ስልኩ ተስተካከለ፤ በቁጠባ ሒሳብ ቁጥሮች መሐል ያለው 09 ግን አብሮ ተበላሸ። ክፍያ ሊላክ የቀረው ሁለት ቀን ነበር። ደግነቱ የፋይሉ ቅጂ ነበረን።

ሁለተኛ ጊዜ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚለውን መርጠን «^09» ብለን ጻፍን። ^ ማለት «መስመሩ ሲጀምር ብቻ» ነው፤ ስልኩም የሚጻፈው በየመስመሩ መጀመሪያ ነው። ያም ሆኖ ሁሉንም በአንዴ አልተካንም። እያንዳንዱን እያየን፣ ትክክል ሲሆን «ሪፕሌስ»፣ ካልሆነ «ፋይንድ ኔክስት» እየተጫንን አለፍን። መስመር ላይ ቀድመው የተጻፉ እንደ 09/02/2016 ያሉ ቀኖች የተረፉት በዚህ ነው።

ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም የማንም ሒሳብ አልተነካም። እህቶች፣ መጀመሪያ ቅጂ እናስቀምጥ፤ ቀጥለን አንድ በአንድ እንይ። በእጃችን ያለው የሰው ላብ ነውና።