የተቀዳ ድምፅ ሲደወልላችሁ



የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ስልካችሁ እንደማያርፍ ታውቁታላችሁ። ደላላው ይደውላል፤ የቀን ሠራተኛው ይደውላል፤ ነጋዴው ከጎንደር ይደውላል። በዚህ መሃል ሰው ያልሆነም ይደውላል፤ አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ። «ዕድለኛ ሆነዋል፣ ለመቀጠል 1ን ይጫኑ» ይላል። ሂላው ማሳ ላይ ቆሞ ለሠራተኛ የሚከፈል ብር በሚፈለግበት ሰሞን እንዲህ ያለ ወሬ ጆሮ ይስባል፤ ስለዚህ ነው ከአጨዳው በፊት ልንነጋገርበት የፈለግነው።

የተቀዳ ድምፅ ሁሉ መጥፎ አይደለም። 8028 የተቀዳ ድምፅ ነው። በ2006 ዓ.ም. የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ ጀመረው። ደውላችሁ ቁልፍ እየተጫናችሁ የአመራረት ምክር ትሰማላችሁ፤ ሂሳብ አይቆርጥም። ተባይ ወይም በሽታ ሲነሳም ለተመዘገቡ አርሶ አደሮች ማስጠንቀቂያ ይልካል።

ታዲያ በምን እንለየው? ሰው ሲደውል «ማን ልበል? ከየት ነው? ማን ስልኬን ሰጠህ?» ትሉታላችሁ፤ ሲንተባተብ ትይዙታላችሁ። የተቀዳ ድምፅ አይንተባተብም፤ ጥያቄም አይሰማም። ስለዚህ ጥያቄውን እናንተ በሌላ መንገድ ጠይቁት፤ ምንም ሳትጫኑ ዝጉና ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ። «ከ8028 ነው» ካለ 8028 ደውሉ፤ ነፃ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ነኝ ካለ 994 ደውሉ። ያልጠየቃችሁት አገልግሎት ሂሳብ እየቆረጠባችሁ ከሆነም እዚያው አመልክቱ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ግን ለማንም፣ «ባለሥልጣን ነኝ» ለሚልም ቢሆን፣ አትናገሩ።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የስልክ ቁጥራችሁን ጭምር የሚመለከት ነው፤ «ለገበያ ማስተዋወቂያ አትጠቀሙበት» ብላችሁ መቃወም ትችላላችሁ። ይህን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አሜሪካኖች ከዚህም አልፈው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመስከረም 2009 ጀምሮ፣ ደንበኛው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልፈቀደ የተቀዳ የሽያጭ ጥሪ እንዳይደወልለት ከልክለዋል። የእኛ አዋጅ ገና አዲስ ነው። ዛሬ የሚደወልላችሁን ጥሪ መጥቶ አያስቆምላችሁም፤ እስከዚያው የሚጠብቃችሁ የራሳችሁ ጥንቃቄ ነው።

ለእኛ ለጠረፍ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በ249 የሚጀምር የሱዳን ቁጥር እዚህ ብርቅ አይደለም፤ ገላባት የንግድ ወዳጅ ያለው ብዙ ነው። ነገር ግን አንዴ ጠርቶ የሚቋረጥ፣ አገሩን የማታውቁት ቁጥር ሲመጣ መልሳችሁ አትደውሉ። መልሶ መደወሉ የእናንተን ሂሳብ ይበላል።

ስልኩ ብዙ ጊዜ እናንተ ማሳ ስትውሉ ቤት ይቀራል፤ የሚያነሳው ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ቁልፍ መጫን ይወዳል። ይህን ለቤተሰባችሁ ንገሩ፤ በልማት ቡድናችሁም ተወያዩበት። አሁን ስልካችሁን አውጡ፤ 8028 አብረን እንደውልና ያልተመዘገበ ይመዝገብ።