መገርጣት የምን ምልክት ነው?



ቅላትና ጥቁረት የተፈጥሮ መልክ ነው። መገርጣት ግን ብዙውን ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው። በጠይም ፊት ላይ ቶሎ ስለማይታወቅ ሌላ ቦታ ማየት ይሻላል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና የልጁን የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ፤ ጤነኛ ከሆነ ቀላ ይላል። መዳፉንም ከእናንተ መዳፍ ጋር አስተያዩ። እናትየዋም ደም ያነሳት ልትሆን ትችላለችና ከሌሎች ልጆች መዳፍ ጋር ቢታይ መልካም ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ ቶሎ ይደክመዋል፤ ጨዋታ ይጠላል። አንዳንዱ አፈርና የግድግዳ ጭቃ ይበላል፤ ለዚህም ይገረፋል። ምን አጠፋ? ደም ማነሱ ያመጣበት አምሮት ሊሆን ይችላል እኮ! ጎረቤት ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» ይላል፤ በዚህ መካከል ስንት ቀን ያልፋል።

ታዲያ ደሙ የት ሄደ? ወባ ደምን ያጠፋል። ከጓሮ የሚመጣው ሌባ ግን የመንጠቆ ትል ነው። ርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን አንጀትን ነክሶ ደም ይመጣል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእርጥብና በጥላማ መሬት ይፈለፈላል፤ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜም ባዶ እግርን በስቶ ለመግባት ይደርሳል። ከቡናው ወይም ከእንሰቱ ሥር የተጸዳዳ ሰው፣ ነገ ልጁ በባዶ እግሩ የሚረግጠውን መሬት በከለ ማለት ነው። ስለዚህ ሽንት ቤት ይቆፈር፤ ልጆችም ጫማ ያድርጉ። ለበዓል ተብሎ በሣጥን የተቀመጠ ጫማ ለዚህ አይረዳም። ትሉን የሚያስወጣውን መድኃኒት ጤና ጣቢያ ይሰጣል።

ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም የበሰለ ሥጋ ይብሉ፤ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ በምግቡ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና።

ነፍሰ ጡር ሴት የተሰጣትን የብረት ኪኒን በየቀኑ ትዋጥ። ዓይነ ምድር ቢያጠቁር አትደንግጪ፤ የኪኒኑ ጠባይ ነው። ደሟ ያነሰ ወላድ ጥቂት ቢፈስሳት እንኳ ለሕይወቷ ያሰጋታል። ኪኒኑን ሕፃናት ከማይደርሱበት አስቀምጡ፤ ብዙ ከዋጡት ይመርዛቸዋል።

የልጁ መዳፍ ፈጽሞ ከነጣ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም መጥባት ካቃተው፣ የገበያ ቀን ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።